የድሮ መኪናችሁ የበር ፓኔል ካበጠ ከእኔ ስህተት ጀምሩ

መኪናዋን የገዛኋት በጥር ወር ነው። ይህን ቀድሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር የድሮ መኪና የሚገዛ ሰው የመኪናውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሌላው ግማሽ የሚገለጠው ሐምሌ ላይ ነው። ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1971 ሥሪት፣ ባለ አራት የፊት መብራት፣ ሞተሯ 1608 ሲሲ። ሞተሯን የነደፈው ከፌራሪ ወደ ፊያት የመጣው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ሲነሳ ድምፁን የሰማ ሰው ሌላውን ነገር መመርመር ይተዋል፤ እኔም ተውኩት። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፣ ከሥሯ ተኝቼ አየሁ፣ ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ (ለምን እንደምንመታው እስከ ዛሬ አልገባኝም)። የሁለቱም በሮች የውስጥ ፓኔል፣ ማለት የበሩን ብረት ከውስጥ የሚሸፍነው ሰሌዳ፣ ታችኛው ጠርዝ ከብረቱ ፈቀቅ ብሎ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ሻጩ ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው። «እድሜ ነዋ ልጄ፣ እኛስ መች ቀጥ ብለን ቀረን» አሉኝ። ሳቅን፣ ተፈራረምን፣ እንጦጦን ዞሬ ይዣት ገባሁ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ክረምቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማ ውስጥ ሲያካፋ እኛ ጋ በረዶ ይወርዳል፤ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ልብስ ታጥቦ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይከርማል። መኪናዋን የማቆማት በሦስት በኩል ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። ነፋሱ ዝናቡን እያዘነበለ ሲያመጣባት ጊዜ አዝኜላት ወፍራም የላስቲክ ሸራ ገዛሁና እስከ ጎማዋ ድረስ ጠቅልዬ አለበስኳት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ላስቲክ ግን ከላይ የሚመጣውን ውኃ እንደሚከለክል ሁሉ ከሥር ከእርጥብ መሬት የሚነሳውን እንፋሎትም ይዞ ያስቀራል። ጠዋት ሸራውን ስገልጠው መስታወቱ ከውስጥ እንደ ድስት ክዳን አልቦት አገኘው ነበር። መኪና መሸፈን ካለባችሁ የሚተነፍስ ጨርቅ ይሁን፤ እሱ ካልተገኘ ጣራ ይበቃታል።

በሐምሌ አጋማሽ የሹፌሩ በር ፓኔል ወደ ውስጥ አብጦ ጉልበቴን መንካት ጀመረ። በነሐሴ መስታወት ማውረጃው እጀታ ፓኔሉን እየፋቀ አልዞር አለ። ምንጣፉ ረጠበ፤ መኪናዋ ሰባት ዓመት የተዘጋ መጋዘን ትሸት ጀመር። ሰፈር ውስጥ ላለ መካኒክ አሳየሁት። ሰውየው ለሞተር እጁ ጥሩ ነው፤ ለዚህኛው ግን ከኪሱ ብሎን አውጥቶ ታችኛው ጠርዝ ላይ አራት ቦታ ወጋና በቆዳው ላይ አስገብቶ ከብረቱ ጋር አሰረው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔም አጠገቡ ቆሜ መብራት ይዤለት ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ጠርዙ ሲታሰር እብጠቱ ወደ መሐል ሄደ፤ በሁለተኛው ሳምንት ፓኔሉ ከብሎን ወደ ብሎን ተሰነጠቀ። ያበጠ ነገር በጉልበት ሲጠፈር ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ብሎን ካያችሁ እምቢ በሉ፤ የተበሳ ቆዳ ደግሞ አይመለስም።

መስከረም ሲጠባ ራሴው እጄን ላስገባ ወሰንኩ። ፓኔል ማውለቅ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። የእጅ መደገፊያው ከሥር በኩል በብሎን ነው የተያዘው። የመስታወት ማውረጃው እጀታ ግን ብሎን አይታይበትም፤ ከእጀታውና ከፓኔሉ መሐል የተደበቀች የሽቦ ክሊፕ ናት የምትይዘው። እኔ በካቻቢቴ ፈልፍዬ አወጣኋትና ቆዳውን ሦስት ቦታ ቧጨርኩ። በኋላ የተማርኩት ዘዴ እንዲህ ነው፦ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ከእጀታው ኋላ አስገብታችሁ ጫማ እንደምትወለውሉ ግራና ቀኝ ሳብ ሳብ ስታደርጉት ክሊፗ ተስፈንጥራ ትወጣለች። በሩን በትልቅ ፎጣ ከበብ አድርጉት፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ በእምብርክክ ስትፈልጓት ትውላላችሁ። ጠርዙን የሚይዙትን ክሊፖች ደግሞ ፓኔሉን በእጅ እየጎተታችሁ አታውጡ። ሰፋ ያለ ዝርግ እንጨት ልክ ክሊፑ ባለበት አስገብታችሁ አንድ በአንድ አስለቅቁ። እኔ ጎትቼ ከቀኙ ፓኔል አምስት ክሊፕ ያለበትን ቦታ ቦጭቄ አውጥቼዋለሁ፤ ክሊፖቹ በሩ ላይ ቀሩ፣ ቀዳዳዎቹ እጄ ላይ።

ፓኔሉ ሲገለበጥ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከፊት የሚታየው ያማረው ጥቁር ቆዳ ሰው ሠራሽ ነው። ከሥሩ ስስ ስፖንጅ አለ፤ ከሱ ሥር 3 ሚሊሜትር የሆነ ሃርድቦርድ፣ ማለት ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት። ፊቱን ቆዳው ሸፍኖታል። ጀርባው ግን ራቁቱን ነው፤ ቀለም እንኳ አልነካውም። ውኃ ከጀርባው ሲመጣ ጀርባው ይጠጣና ያብጣል፣ ፊቱ ባለበት ይቀራል፤ አንዱ ጎን ሲረዝም ሌላው ካልረዘመ መታጠፍ የግድ ነው። ድርቆሽ ሲደርቅ ጠርዙ እንዴት እንደሚታጠፍ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ይህን ሁሉ ተረዳሁ፤ ውኃው ከየት መጣ የሚለውን ግን አልጠየቅሁም። በመጠየቅ ፈንታ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሄድኩ።

የግራውን ፓኔል ቤቱ ጣራ ላይ ቆርቆሮው ላይ ዘርግቼ ለመስከረም ፀሐይ ሰጠሁት። በአንድ ቀን ደረቀ። ከመድረቁ ጋር ቆዳው ተኮማትሮ ከጠርዙ ሸሸ፤ ሰሌዳውም እንደ ጣራ ክፈፍ ጎበጠ። ይባስ ብዬ ጎባጣውን በካውያ ላቃናው አልኩ። ጨርቅ ደርቤ ከቆዳው በኩል ተኮስኩት። የዚያ ዘመን ቆዳ ላይ ፋብሪካው በሙቀት የጫነው የመስመር ጌጥ አለ፤ እሱ ጌጥ አንድ መዳፍ በሚያህል ቦታ ቀልጦ ልሙጥ ሆነ። ዛሬ ያ ጌጥ የትም አይገኝም፤ ሶማሌ ተራን ሁለት ቀን ዞሬበታለሁ። እባካችሁ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ምድጃ አጠገብ ማቆም፣ ይህን ሁሉ ተዉት። ሰሌዳው ቢበላሽ ይሠራል፤ ዋናው ቆዳ ካለቀ ግን አለቀ። እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ከዚያ አዲስ ሰሌዳ ለማሠራት አናጢ ዘንድ ሄድኩ። 6 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) አለኝ አለኝ። ወፍራም ከሆነ ይጠነክራል ብዬ ተስማማሁ። ሲገጠም ክሊፖቹ አልደርስ አሉ፤ የመስታወት ማውረጃው ዘንግም በፓኔሉ ውፍረት ተውጦ እጀታው ጥርሱን በግማሽ ብቻ ያዘለት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ክሊፖቹን በኮላ አስጠግቼ፣ እጀታውን በመዶሻ አስገብቼ እንደ ምንም አቆምኩት። ውኃ እንዳይነካው ብዬም ጀርባውን በነጭ የእንጨት ኮላ ቀባሁት። ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ስለሚያብለጨልጭ ውኃ የማያስገባ መስሎኝ ነበር። ተራ የእንጨት ኮላ ግን ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል። በበጋው አምሮ ቆየ። በሚቀጥለው ክረምት ሐምሌ ሳያልቅ ያ ኤምዲኤፍ ታችኛው ጠርዙ በእጥፍ አብጦ፣ በጣት ሲነካ እንደ በሶ ፈረሰ። ኤምዲኤፍ ለቁም ሳጥን ጥሩ ነው፤ እርጥበት ለሚደርስበት የመኪና በር ግን አታስቡት።

መፍትሔው የመጣው ክሊፕ ፍለጋ መርካቶ በሄድኩበት ቀን ነው። አንዱ ዕቃ ሻጭ «ክሊፕ እንኳ የለኝም፤ ግን እነዚህን የድሮ ፊያቶች ወንበር ያለብሱ የነበሩ ሽማግሌ ጎጃም በረንዳ በኩል አሉ፣ ጠይቃቸው» አለኝ። አገኘኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚኒባስ መቀመጫ እየሰፉ ነበር። ችግሬን ስዘረዝር ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ሰሌዳው አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ላስቲኩስ?» አሉ።

«የምን ላስቲክ ጋሼ?»

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ተነሱ። መኪናዋ ውጭ ቆማ ነበር። ፓኔሉን በአንድ እጃቸው ገለበጡና በሩን ዓይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ረዳታቸውን በጆግ ውኃ አስመጡ። መስታወቱን አስዘግተው ከውጭ በኩል ቀስ አድርገው አፈሰሱበት። ውኃው በመስታወቱ ላይ ወረደ፤ መስታወቱ በር ውስጥ በሚገባበት ላይ ያለችውን ጎሚኒ አልፎ ገባ። እዚያ በሩ ውስጥ መስታወቱን የሚያነሳው ክንድ ላይ እያረፈ በብረቱ ቀዳዳዎች በኩል ወደ እኛ ተረጨ፤ ልክ ፓኔሉ የሚቀመጥበት ላይ። ሁለተኛ ጆግ ጨመሩ። ከዚያ የበሩን ሥር በእጃቸው መታ መታ ሲያደርጉት እንደ እንስራ ተንቦጫቦጨ።

«ልብሱን ትቀያይራለህ እንጂ ዝናቡን መች አቆምከው?» አሉኝ።

ሁለት ክረምት ያለቀሁበትን ነገር በሁለት ጆግ ውኃ አሳዩኝ። ያስረዱኝን ላስተላልፍ። የሚወርድ መስታወት ባለው በር ውስጥ ውኃ መግባቱ ብልሽት አይደለም፤ በሩ ሲሠራ እንደሚገባ ታውቆ ነው። ገብቶ በበሩ ሆድ ወርዶ ከታች በተተዉለት ቀዳዳዎች ይወጣል። በብረቱና በፓኔሉ መሐል ደግሞ አንድ ላስቲክ ተለጥፎ ፍንጣቂውን ከሰሌዳው ያርቃል። የእኔ በር ሦስቱም ነገር ጎድሎታል፦ ጎሚኒው ደርቆ ከመስታወቱ ተላቋል፣ መውጫ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፣ ላስቲኩ የለም። ላስቲኩን ማን እንደወሰደው መገመት ቀላል ነው። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሰው መስታወት ማንሻውን ሊጠግን ፓኔሉን ፈታ፣ ላስቲኩን ቀደደ፣ ሲገጥም «ይቺ ምን ታደርጋለች» ብሎ ጣላት። የድሮ መኪና ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ አንዱን በር ፈታ አድርጋችሁ እዩት፤ ላስቲክ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ስለዚህ ከሰሌዳው በፊት በሩን። ይህን ቅደም ተከተል አደራ። የመውጫ ቀዳዳዎቹን ለማግኘት መሬት ላይ ተኝቼ የበሩን የታች ጠርዝ በጣቴ ዳበስኩ፤ ምንም የለም። ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ ከዝገት ላድናት ብሎ ሥሯን በሙሉ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ሲያስረጭ ቀዳዳዎቹንም አብሮ ደፍኗቸዋል። ለማዳን ተብሎ በሩ ከውስጥ እንዲበሰብስ ተፈርዶበታል ማለት ነው። በቀርከሃ ስንጥር ቀስ እያልኩ ከፈትኳቸው፤ ብረት ካስገባችሁ ቀለሙን ትፍቁትና ዝገት ትጋብዛላችሁ። ከሥሩ የወጣው ጭቃ፣ ቅጠልና የመስታወት ስብርባሪ ግማሽ ጣሳ ሞላ። ዝገቱን በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ አንቲረስት ሁለት እጅ ቀባሁት። ጎሚኒውን ለውጫዊው ጠርዝ ልኩን አላገኘሁም፤ ከሌላ መኪና ተቀራራቢውን ቆርጬ አስገባሁ። ፍጹም አይደለም፤ የሚገባው ውኃ ግን ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ላስቲኩን ከየት አመጣኸው ለምትሉኝ፣ የአበባ እርሻ ቤቶች ጣራቸውን የሚሸፍኑበት ወፍራም ላስቲክ አለ፤ ሲቀይሩ ቁራጩ በእኛ አካባቢ እየተሸጠ ለብዙ ነገር ይውላል። ፀሐይ ቶሎ አያሰባብረውም። ፌስታል ወይም የምንጣፍ መጠቅለያ አይሆንም፤ በዓመቱ ይበጣጠሳል። በሩ ላይ አስደግፌ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አነሳሁ፤ ለእጀታውና ለመክፈቻው ዘንግ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ብቻ ተውኩ። አሁን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። የላስቲኩ የታች ጫፍ ከብረቱ ውጭ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። በሩ ታች ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ ታጥፎ መግባት አለበት፤ በላስቲኩ ላይ የሚወርደው ጠብታ ተመልሶ ወደ በሩ ሆድ እንዲገባ ነው። ውጭ ከተተወ ውኃውን ሰብስቦ የሚያፈሰው ፓኔሉ ሥር ነው፤ ከዚያስ ባይኖር ይሻል ነበር።

ለማጣበቂያ መጀመሪያ የመስኮት ሲሊኮን ተጠቀምኩ። እንደ አቼቶ ይሸታል። ያ የሚሸተው አሲድ የተላጠ ብረት ያዝጋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጫፉን ስገልጥ ከሥሩ ቡናማ መስመር ጀምሮ ነበር። ሁሉንም ፍቄ አወጣሁና ድሮ ለፊት መስታወት ይውል የነበረውን፣ እንደ ማስቲካ የሚሳበውን የማይደርቅ ጥቁር ሙጫ ተጠቀምኩ። የሱ ሌላው ጥቅም ነገ መስታወቱ ቢበላሽ ላስቲኩ ሳይቀደድ ተልጦ መልሶ መለጠፉ ነው። ከዚያ ጆጉን አነሳሁ። አምስት ጆግ አፈሰስኩበት፤ ላስቲኩ ላይ ከውስጥ ሲወርድ ይታየኛል፣ ከታች በቀዳዳዎቹ ይወጣል፣ ወደ እኔ አንዲት ጠብታ አልመጣችም። ባለቤቴ በመስኮት እያየች «ደግሞ መኪና ማጠብ ጀመርክ?» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሰሌዳው የተመለስኩት። የቀኙ ፓኔል ጎብጦ ነበር እንጂ ካውያ አልነካውም። ይድናል ወይስ አይድንም የሚለውን በጥፍር ታውቁታላችሁ፤ ጠርዙን ስትጫኑት ጠንክሮ ከመለሰላችሁ ይድናል፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ ከተከፋፈለ ጊዜያችሁን አታጥፉ። የእኔ ታችኛው ጥግ ብቻ ትንሽ ተልጦ ነበር። ቆዳውን ከታች አንድ ስንዝር ያህል ቀስ ብዬ ገለጥኩና ተውኩት። ጀርባውን በሙሉ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አበስኩት፤ መንከር አይደለም፣ ማለስለስ ነው። ከዚያ በሁለት ቀጥ ያሉ ወፍራም ኮምፖርሳቶዎች መሐል አስገባሁት፤ ከጀርባው በኩል ደረቅ አንሶላ፣ ከላይ ስምንት ብሎኬት። ታስሮ የሚደርቅ እንጨት የታሰረበትን ቅርጽ ይይዛል፤ ሚስጥሩ ይኸው ብቻ ነው።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። እኔ በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። ቀጥ ብሎ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት፤ ማታ ስመለስ ወደ ድሮው ጉብጠቱ ተመልሷል። እንደገና ከመጀመሪያው። በዚህኛው ዙር አንሶላውን በየቀኑ ስቀይር ፓኔሉን ከሰፈራችን ባለሱቅ በተዋስኩት ተንጠልጣይ ሚዛን መዘንኩት። ከ2 ኪሎ ከ100 ግራም ጀምሮ በየቀኑ ቀነሰ፤ 1 ኪሎ ከ800 ሲደርስ ሦስት ቀን ሳይነቃነቅ ቆመ። ደረቀ ማለት ይህ ነው፤ በእጅ መዳሰስ ያታልላል። በጠቅላላው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ ያውም በኅዳር፣ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል። በክረምት አትሞክሩት፤ ወር ይፈጅባችኋል።

ከደረቀ በኋላ የተላጠውን ጥግ በኤፖክሲ አጣብቄ በሞርሳ አሰርኩት። የተቦጨቁት የክሊፕ ቀዳዳዎች ላይ ከዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ትንንሽ ሳንቲም የሚያካክሉ ቁራጮች ቆርጬ፣ መሐላቸውን በስቼ፣ ከጀርባ በኤፖክሲ ለጠፍኳቸው። ከዚያ ቫርኒሽ። የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ ቀጠን አድርጌ ጠርዞቹን እስኪጠግቡ አጠጣኋቸው፤ ሃርድቦርድ ከሁሉ በላይ የሚጠጣው በጠርዙና በቀዳዳው አፍ ነው። ሰው ሁሉ ጀርባውን ይቀባና ጠርዙን ይረሳል። በላዩ ላይ ሁለት እጅ ደረብኩ፤ ቆርቆሮው ላይ በአንድ ቀን ይደርቃል ይላል፣ ሱሉልታ ላይ ሁለት ቀን ስጡት።

የግራው አዲስ ሰሌዳ ነው። ንድፉን ከጎበጠው አሮጌ አላነሳሁም፤ ያበጠ ሰሌዳ ልኩን አይናገርም። የዳነውን ቀኙን ገልብጬ ካርቶን ላይ አነሳሁ፣ ካርቶኑን በሩ ላይ ይዤ የእያንዳንዱን ክሊፕ ቀዳዳ አረጋገጥኩ (ሁለቱ በሮች ፍጹም አንድ አይደሉም፤ አንዱ ቀዳዳ ግማሽ ጣት ያህል ተዛንፏል)፣ ከዚያ 3 ሚሊሜትር ሃርድቦርድ ላይ ቆረጥኩ። ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከቫርኒሹ በፊት ብሱ።

የቀኙን የተገለጠ ቆዳ በማስቲሽ መልሼ ስለጥፍ ቤቴን ላቃጥል ነበር። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባል፣ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ አንዴ ከነካ አይላቀቅም። እኔ በረንዳ ላይ ሁለቱንም ቀብቼ ስጠብቅ ባለቤቴ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ለቡና ከሰል አቀጣጠለች። የማስቲሽ ጋዝ በመሬት ላይ እየተሳበ እንደሚሄድ አላሰብኩም። ጣሳው አፍ ላይ ቧ ብሎ ሰማያዊ ነበልባል ታየኝ። ክዳኑን ከድኜ በእርጥብ ጆንያ አፈንኩት፤ ቅንድቤን ለበለበኝ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። ቡናው በዚያ ቀን ቀረ። ማስቲሽ ስትቀቡ ውጭ ሁኑ፤ ለቤተሰቡም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የግራውን አዲስ ቆዳ ያለበሱልኝ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። የፋብሪካውን የመስመር ጌጥ መመለስ ስለማይቻል ከመለጠፉ በፊት ቆዳውን ከስፖንጁ ጋር በቀጥታ መስመር ሰፉልኝ። ከሩቅ ከቀኙ ጋር አንድ ይመስላል። ከቅርብ የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ በገባሁ ቁጥርም አያለሁ። ክፍያ ስጠይቃቸው የስፌቱን ብቻ ተቀበሉ። «የጆጉስ ጋሼ?» ብላቸው ሳቁና ተዉት።

ሲገጠም ከላይ ጀምሩ፤ የላይኛው ጠርዝ መስታወቱ ሥር ባለው ከንፈር ላይ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ክሊፖቹ አንድ በአንድ በመዳፍ ይመታሉ። ከመምታታችሁ በፊት እያንዳንዱ ክሊፕ በቀዳዳው ፊት መቆሙን በዓይናችሁ እዩ። ክሊፕ የሌለበትን ቦታ መምታት ያንን ሁሉ ቀን የደከማችሁበትን ሰሌዳ መስበር ነው። እጀታው ላይ የሽቦ ክሊፗን አስቀድማችሁ በቦታዋ አስገብታችሁ እጀታውን ዘንጉ ላይ ግፉት፤ ራሷ ጠቅ ብላ ትይዛለች።

ዘንድሮ ሰኔ ግም ሲል ሸራውን አላለበስኳትም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደበት ሌሊት ባትሪ ይዤ ወጣሁና ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ከሁለቱም በር ታች ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ አየሁ። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፓኔሎቹ ቀጥ እንዳሉ ናቸው፤ የቀኙ ወደ ማጠፊያው በኩል የአውራ ጣት ያህል እብጠት ቀርቶበታል፣ ከመነሻውም አልወጣለትም ነበር፣ ተውኩት። ሽታው ግን ሙሉ ለሙሉ አልጠፋም። ባለፈው እሑድ ከኋላ ወንበር ጎን ያለውን ፓኔል ጥጉን ገለጥ አድርጌ በባትሪ ሳይ እዚያም ላስቲክ የለም። ብሎኬቶቹን አልመለስኳቸውም፤ ሚዛኑን ግን ለኅዳር እንዲያውሰኝ ለባለሱቁ ነግሬዋለሁ።